«ጨጓራ ነው» ከማለታችሁ በፊት፦ የሐሞት ጠጠርን የመመርመርና ሲቆጣ ቶሎ የማወቅ ዝርዝር መመሪያ

ሆዳችን ከላይ በኩል ባመመን ቁጥር የምንሰጠው ስም አንድ ነው፤ ጨጓራ። ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ተልባ ይበጠበጣል፣ በርበሬ ይቀነሳል። የሚሻለው አለ። የማይሻለው ግን ዓመት ሁለት ዓመት ይቆይና አንድ ሌሊት ትኩሳት ጨምሮበት ድንገተኛ ክፍል ይገባል። እናቴ ላይ የደረሰው ይኼ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ «ጨጓራዬ» ስትል የነበረው የሐሞት ጠጠር ነበር።

ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው። ሕመሙን አይመዘግብም። ሳይጾም አልትራሳውንድ ይነሳል። ጠጠሩ መቆጣት ሲጀምር ደግሞ «ይንጋና እንሄዳለን» ይላል። ይህ መመሪያ ሐኪም አይተካም። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ግን ባዶ እጃችሁን እንዳትሆኑ ያደርጋል።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ፦ ዛሬውኑ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከእነዚህ አንዱ እንኳን ካለባችሁ የቀረውን ጽሑፍ ተዉትና ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

- ሕመሙ ሳይለቅ 5 ሰዓት ከሞላው።
- ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ከመጣ።
- የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ጥቁር ሻይ ከመሰለ፣ ሰገራ ከነጣ።
- ውሃ እንኳን ሆድ ውስጥ አልረጋ ካለ።
- ሕመሙ ወደ ደረት፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ ከሄደ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ካለ። ይህ ሐሞት ሳይሆን ልብ ሊሆን ይችላል።
- ታማሚው ግራ ከተጋባ ወይም ራሱን ከሳተ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ በ939 ይገኛል። ታማሚው በዕድሜ የገፋ ወይም ስኳር ያለበት ከሆነ ምልክቱ ደብዛዛ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሂዱ። ነፍሰ ጡር ከሆነችም አትጠብቁ።

ደረጃ 1፦ ሕመሙን በወረቀት ያዙ

ጉበታችን በቀን እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ይሠራል። ከፊሉ ከጉበት ሥር ባለችው ትንሽ ከረጢት፣ በሐሞት ከረጢት፣ ይጠራቀማል። ቅባት ስንበላ ከረጢቷ ተጨምቃ ሐሞቱን ወደ አንጀት ትልካለች። በዚህ ጊዜ ጠጠር አንገቷ ላይ ከተሰነቀረ ሕመሙ ይነሳል። «ምን በላሁ? ስንት ሰዓት ላይ?» የሚለው ጥያቄ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

አምስት ነገር ጻፉ፤ የጀመረበት ሰዓት፣ ከዚያ በፊት የተበላው፣ ያመመው ቦታ፣ የለቀቀበት ሰዓት፣ አብሮት የመጣው። እናቴ የጻፈችው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ነበር።

«ማክሰኞ። ሌሊት 7፡20 ቀሰቀሰኝ። ማታ ዶሮ ወጥ። ቀኝ ጎኔ ሥር፣ ወደ ጀርባዬ። 9፡40 ለቀቀኝ። አስመለሰኝ።»

ሐኪሙ ይህን ሲያነብ ጥያቄው ግማሽ በግማሽ ቀነሰ።

የሐሞት ሕመም ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወይም የደረት አጥንት ከሚያልቅበት በታች መሀል ላይ ይጀምራል። ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ወደ ጀርባ ይወጣል። ቁርጠት እንደሚባለው መጣ ሄደ አይልም፤ ጨምድዶ ይይዛል። ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ብትገላበጡም፣ ግሳት ቢወጣም አይለቅም። የጨጓራ ሕመም ግን ማቃጠልና ቃር ይበዛዋል፤ የአሲድ መድኃኒት ሲወሰድም ብዙ ጊዜ ይለዝባል።

ተጠንቀቁ፤ ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ አንድ ሰው ላይም አብረው ይገኛሉ። ወረቀቱ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። ለማስታወሻውም ሁለት ሳምንት ይበቃል። ሕመሙ ከበረታ ያንንም አትጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ተጋላጭነታችሁን ቁጠሩ

በእናንተ ላይ ያለውን እየመረጣችሁ ከማስታወሻው ሥር ጻፉ፤ ሴት መሆን፣ ከ40 ዓመት በላይ መሆን፣ ነፍሰ ጡር ሆኖ ማወቅ፣ ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ የሰውነት ክብደት በተለይ የሆድ ስብ፣ የስኳር ሕመም፣ ቤተሰብ ውስጥ የሐሞት ጠጠር መኖር፣ ቀይ የደም ሴል የሚያፈርስ በሽታ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ። ሴፍትሪአክሶን የሚባለውን መርፌ በብዛት ወስዳችሁ ከሆነም አትርሱት፤ ሐሞት ውስጥ ዝቃጭ ሊፈጥር ይችላል።

አሁን «ኢንፍላሜሽን» ስለሚባለው ነገር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚደናገር ትንሽ ልቆይበት።

መቆጣት ወይም ብግነት ከሐሞት ጠጠር ጋር በሁለት በኩል ይገናኛል። አንደኛው ቀስ ብሎ የሚሠራው ነው። የሆድ ስብ፣ ስኳርና የጉበት ስብ ባለበት ሰው ሰውነት ውስጥ ዝቅ ያለ ግን የማይቋረጥ ብግነት ይኖራል። ይህ ሁኔታ ከረጢቷ ንፍጥ መሰል ነገር አብዝታ እንድታመነጭና በደንብ እንዳትጨመቅ ሊያደርግ ይችላል። ሐሞቱ ሲቆምና ሲጣበቅ ክሪስታል፣ ማለትም ጠጣር ቅንጣት፣ ለመሆን ይመቸዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. በጀርመን የተሠራ ጥናት ደግሞ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ዲኤንኤአቸውን እንደ መረብ እንደሚጥሉ፣ መረቡም የካልሲየምና የኮሌስትሮል ክሪስታሎችን አጣብቆ ጠጠር እንዲሆኑ እንደሚረዳ አሳይቷል።

ሁለተኛው ድንገተኛው ነው። ጠጠሩ አንገቷን ዘግቶ ሲቀር ከረጢቷ ራሷ ትቆጣለች። ለሕይወት የሚያሰጋው ይኼኛው ነው፤ የ5 ሰዓቱ ወሰንም የመጣው ከዚህ ነው።

በቅርብ ዓመታት ከተራ የደም ምርመራ፣ ከሲቢሲ፣ የሚሰላ ቁጥር ይጠቀሳል፤ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) በኒውትሮፊል ይባዛና ለሊምፎሳይት (ለሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) ይካፈላል። በአሜሪካ ሀገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ መረጃ ላይ ተመሥርተው የተሠሩ ሥራዎች ይህን ቁጥር ከሐሞት ጠጠር ጋር አያይዘውታል። ግን እንዲህ ያለ ጥናት ሁለቱ አብረው መታየታቸውን ነው የሚያሳየው፤ የቱ የቱን እንዳመጣ አይናገርም። ስለዚህ ሲቢሲያችሁን ይዛችሁ በካልኩሌተር «ጠጠር አለኝ» ወይም «የለኝም» እንዳትሉ። ሲአርፒ የሚባለው የብግነት ምርመራ ውጤት ጤናማ መሆኑም ጠጠር የለም ማለት አይደለም። ጠጠሩ ዝም ባለበት ጊዜ ደሙም ዝም ይላል። «ኢንፍላሜሽን ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄትም ጠጠር አያሟሟም። ገንዘባችሁን ለአልትራሳውንድ ያዙት።

ደረጃ 3፦ የት እንደምትሄዱ አስቀድማችሁ ወስኑ

የማህበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ጀምሩና የሪፈር ወረቀት ያዙ። ያለ ሪፈር ሆስፒታል በር ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ መመለስ አለ። አዲስ አበባ መሀል ከተማ ውስጥ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12፣ ራስ ደስታና ጥቁር አንበሳ አሉ። ለድንገተኛ ሕመም ግን ሪፈር ፍለጋ አትዙሩ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

በግል የምትነሱ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁና ትእዛዝ ይጻፍላችሁ። ከዚያ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ዋጋው ስንት ነው? ውጤቱን የሚያነበው የራዲዮሎጂ ሐኪም ነው? ጠዋት የመጀመሪያው ተራ ይገኛል? ፒያሳና ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ብዙ ቤት ቦታ ቀይሯል። በድሮው አድራሻ በባዶ ሆድ ስትዞሩ እንዳትውሉ ቦታውንም አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ለአልትራሳውንድ ተዘጋጁ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። እኛም ወድቀናል።

የእናቴ ቀጠሮ ጠዋት 4 ሰዓት ነበር። ጾማ መምጣት እንዳለባት የነገራት አልነበረም። ቀድመን ስለደረስን በሩ አጠገብ ካለው ካፌ ገባን፤ ማኪያቶ ጠጣች፣ ብስኩት ነክራ በላች። አልጋው ላይ ወጥታ ጄሉ ከተቀባ በኋላ ባለሙያው መሣሪያውን ከጎድኗ ሥር ወዲህ ወዲያ አደረገና ቆም አለ። «እማማ፣ ቁርስ በልተዋል እንዴ?» «ኧረ ማኪያቶ ብቻ ነው ልጄ።» ወተት ቅባት አለው። ከረጢቷ ተጨምቃ ተሸብሽባ ነበር። ወረቀቱ ላይ «በደንብ አልታየም» የሚል መስመር ተጽፎ ነበር፤ እኛ ግን «ጠጠር አልተገኘም» ብለን ወደ ተልባው ተመለስን። ስምንት ወር ባከነ።

ለጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

1. ዋዜማው ማታ እስከ 2 ሰዓት እራት ጨርሱ። ቀለል ያለ፣ ዘይቱ ያነሰ ይሁን። ባቄላ፣ ሽምብራና ለስላሳ መጠጥ አስወግዱ፤ ጋዝ ምስሉን ይሸፍናል።
2. ከዚያ በኋላ ምንም አትብሉ። ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢቻል 8 ሰዓት ባዶ ሆድ ያስፈልጋል።
3. ጥቂት ውሃ መጎንጨት ይቻላል። ቡና፣ ሻይ፣ ወተት፣ ማስቲካና ሲጋራ ግን የለም።
4. የደም ግፊት መድኃኒት በትንሽ ውሃ ዋጡ፣ ሐኪማችሁ ሌላ ካላለ።
5. የስኳር ታማሚ ከሆናችሁ የኢንሱሊኑንም የኪኒኑንም ነገር ዋዜማውን ሐኪማችሁን ጠይቁ። የመጀመሪያውን ተራ ያዙ። ስኳር በኪሳችሁ ይኑር። መንቀጥቀጥና ላብ ከመጣ ወዲያው ውሰዱት፤ ምርመራው ሌላ ቀን ይደርሳል።
6. ከላይና ከታች የተለያየ ልብስ ልበሱ። ቀሚስ ያስቸግራል።
7. የድሮ ውጤቶችን፣ ማስታወሻችሁንና የመድኃኒት ዝርዝራችሁን ያዙ። ቁርሳችሁንም ቋጥሩ፤ እንደጨረሳችሁ ትበሉታላችሁ።

ጾመኛ ከሆናችሁ የጾሙ ወቅት ይመቻል፤ ያው ጠዋት ሆዳችሁ ባዶ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ «ከማታ 2 ሰዓት ጀምሮ አልበላሁም» በሉ። ያመማችሁን ቦታ በአንድ ጣት አሳዩ። በግራ ጎናችሁ ተኝታችሁም እንድትታዩ ጠይቁ። ጠጠር ሲገላበጡ ይንከባለላል፤ ከግድግዳው የበቀለ ፖሊፕ ግን ባለበት ይቆያል።

እንዲህ ከሆነስ?

ተሳስታችሁ ከበላችሁ፦ ሳትከፍሉ በፊት ተናገሩና ቀጠሮ ቀይሩ። አታፍሩ።

ጋዝ ከሸፈነው፦ ውጤቱ «የለም» ሳይሆን «አልታየም» ነው። ደግማችሁ ተነሱ።

«ምንም የለም» ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ፦ ማስታወሻውን ይዛችሁ ተመለሱ። አልትራሳውንድ ከረጢቷ ውስጥ ያለን ጠጠር በማየት በጣም ጎበዝ ነው፤ ወደ አንጀት በሚወርደው ቱቦ ውስጥ ያለው ግን ሊያመልጠው ይችላል። ሐኪሙ የጉበትና የቆሽት (ፓንክሪያስ) የደም ምርመራ፣ ኤምአርሲፒ (የሐሞት ቱቦዎችን የሚያሳይ የኤምአርአይ ምርመራ) ወይም የጨጓራ ኢንዶስኮፒ (በካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ሊያዝ ይችላል።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱን ከሐኪሙ ጋር አንብቡ

አራት ነገር ፈልጉ፤ የጠጠሩ ብዛትና መጠን በሚሊሜትር፣ የከረጢቷ ግድግዳ ውፍረት፣ በዙሪያዋ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩ፣ የዋናው ቱቦ ስፋት። ጾመው ሲታዩ ግድግዳው ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ወፍሯል ይባላል። ውፍረት ብቻውን ግን መቆጣትን አያረጋግጥም፤ የጉበትና የልብ ችግርም ያወፍረዋል። የቱቦው ስፋት ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ «ቱቦው ውስጥ ጠጠር ይኖር ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ትንሽ መስፋቱ ያለ ነው።

ጠጠር ኖሮ ሕመም ከሌለ አትደንግጡ። አብዛኛው ሰው ጠጠሩን ይዞ ምንም ሳይሰማው ይኖራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ባብዛኛው ቀዶ ሕክምና አይመከርም። ጠጠር ኖሮ የሐሞት ሕመም ካለ ግን የቀዶ ሕክምና ሐኪም ማየት አለባችሁ። ሕመሙ አንዴ ከጀመረ የመመለስ ልማድ አለው።

ደረጃ 6፦ ሌሊት ሕመሙ ሲነሳ

ይህን ደረጃ ገልብጣችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

1. ሰዓት እዩና ጻፉ። በሕመም መሀል «ትንሽ ቆይቷል» የሚባለው አራት ሰዓት ሆኖ ይገኛል።
2. መብላት አቁሙ። ተልባም፣ ወተትም፣ ማርም አይሁን።
3. ማስታገሻ ከመዋጣችሁ በፊት ትኩሳት ለኩ። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ስለሚያወርደው በኋላ ብትለኩ ያታልላችኋል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ነገ ፋርማሲ ግዙ።
4. ማስታገሻ ሐኪም አስቀድሞ የነገራችሁን ብቻ ውሰዱ። ዲክሎፌናክ ለሐሞት ሕመም ይሠራል፤ ሐኪሞችም ያዙታል። ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ላለበት ሰው፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። በራሳችሁ አትወጉት።
5. በደማቅ መብራት ዓይንን እዩ። ሽንቱንም።
6. እጃችሁን ከቀኝ ጎድን ሥር ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉና በረጅሙ ተንፍሱ። አየር ስትስቡ ሕመሙ ትንፋሻችሁን ቀጥ ካደረገው ከረጢቷ ተቆጥታ ይሆናል። አትደጋግሙት፤ ሂዱ።
7. ሕመሙ ከጀመረ 3 ሰዓት ሲሞላው ልብስ ልበሱ፣ ወረቀቶቻችሁን ያዙ፣ የሚያደርሳችሁን ሰው ቀስቅሱ። 5 ሰዓት ሳይሞላ መንገድ ላይ ሁኑ።

ሁለት ስህተት አውቃለሁ። አንደኛው ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን መዋጥ ነው። የተቆጣ ሐሞት ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒትና ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ነው የሚታከመው፤ የተረፈው ኪኒን ምልክቱን አድበስብሶ ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ይብሳል። ሕመሙ ለሰዓታት ቆይቶ ድንገት ይለቃል፣ ትኩሳቱ ግን አለ። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ተሻለው» ብሎ ይተኛል። ከረጢቷ ስትበሳም ሕመሙ ለጊዜው ሊረግብ ይችላል። ትኩሳት ካለ ሂዱ።

ደረጃ 7፦ ቀዶ ሕክምና ከተባላችሁ

ጠጠሩ ብቻ ሳይሆን ከረጢቷ ራሷ ትወጣለች፤ እሷን መተው ጠጠሩ እንዲመለስ መፍቀድ ነው። ያለሷ መኖር ይቻላል። ሐሞቱ ከጉበት በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። በካሜራ፣ በላፓራስኮፒ፣ ከሆነ በትንንሽ ቀዳዳዎች ነው፤ ብዙው ሰው በአንድ ሁለት ቀን ቤቱ ይገባል።

አስፒሪን፣ ደም ማቅጠኛ ወይም የባህል መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ከማደንዘዣው በፊት ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መራቅ የተለመደ ነው፤ ሆስፒታላችሁ የሚላችሁን ተከተሉ። ቤት ከገባችሁ በኋላ ትኩሳት፣ የዓይን ቢጫነት ወይም በየቀኑ የሚብስ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ።

«በኪኒን አይሟሟም ወይ?» ኧርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባል መድኃኒት አለ። የሚሠራው ለትንንሽ የኮሌስትሮል ጠጠር ነው፣ ወራት ይፈጃል፣ ሲቆምም ጠጠሩ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

ደረጃ 8፦ ጠጠሩን የሚያባብሱ ነገሮችን አቁሙ

የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥተው «ጠጠሩ ወጣ» የሚሉትን አትከተሉ። ሰገራ ላይ የሚታዩት አረንጓዴ እንክብሎች ዘይቱ ሆድ ውስጥ ተለውጦ የፈጠረው ሳሙና መሰል ነገር ናቸው። ያን ያህል ዘይት ግን ከረጢቷን አጥብቆ ያስጨምቃታል፤ ጠጠሩ ቱቦ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል።

ክብደት የምትቀንሱ ከሆነ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ይብቃችሁ። በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ መውረድ ራሱ ጠጠር ይጋብዛል። በየቀኑ በእግር ሂዱ።

ጠጠር እያለባችሁ የዓቢይ ጾምን 55 ቀን የጾማችሁ ከሆነ የፋሲካን ሌሊት አስቡበት። ከዶሮ ወጡም፣ ከቅቤውም፣ ከጥሬ ሥጋውም በአንድ ማዕድ አትጀምሩ። መጀመሪያ አንድ እንቁላልና ትንሽ መረቅ በእንጀራ፣ ሥጋው ለቀን ይቆይ። ቅባቱን ለሦስት አራት ቀን አከፋፍሉት። አጉራሽ ሲመጣ «ሐሞቴን ያመኛል» በሉ። «ጨጓራዬን» ያላችሁ እንደሆነ ሁለተኛ ጉርሻ ይከተላል።